የኪልሞራ በር ተረኛ

ማርሳሊ የሬሳ ሣጥኑን ክዳን ብድግ ስታደርገው ውስጡ እስከ ወገቡ የአጃ ዱቄት ነበር።

«ኧረ! አላለቀም እንዴ?» አለ አጎቷ ሶርሊ፣ ከምድጃው ጥግ ሳይነሣ አንገቱን አስግጎ። «እኔ ደግሞ አልቋል ብዬ ስንት ቀን ገንፎ እያማረኝ ዝም አልኩ።»

«አጎቴ፣ እናቴ ቤት ውስጥ ተዘርግታለች። ዱቄቱን የት ልገልብጠው?»

«ቀስ! ቀስ በይ እንጂ፣ እህል እኮ ነው! አንሶላው ላይ። ጥጋጥጉንም በዝይ ላባ ጥረጊው። እህቴ ዱቄት አፍንጫዋ ከገባ ማስነጠሷን አታቆምም።»

«አሁንማ አቆመች» አለች ማርሳሊ። ካለችው በኋላ እንባዋ መጣባት፤ ፊቷን ወደ ሣጥኑ ደፍታ ጥጋጥጉን በላባ ጠረገች።

ሶርሊ ያን ሣጥን ያሠራው የግንቡ ሐኪም «መጪውን ጸደይ አታይም» ባለው ዓመት ነበር። ጸደዩ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ሐኪሙን ራሱን ቀበሩት። ሶርሊ ግን አሁንም እየሞተ ነበር። በባልቤግ መንደር ሰው ከሰው ሲገናኝ ከዝናቡ ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስለ እሱ ነው። «ሶርሊ እንዴት አደረ?» «እየሞተ ነው።» «ተመስገን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰው የሬሳ ሣጥን መዋስ ያሳፍራል። ዛሬ ግን በአገሩ ያለው አንድ አናጢ ከንጋት ጀምሮ ግንቡ ውስጥ ተቀምጦ ኦክ እንጨት ይልግ ነበር። እናቷ ባራበል ባረፈችበት ሌሊት ሽማግሌው ባላባትም እራት ላይ ሁለት ሙሉ ሳልሞን ዓሣ ብቻውን በልቶ፣ ሦስተኛው ይቅረብልኝ እንዳለ ሞቶ ነበር። የባላባቱም የግንቡም ስም አንድ ነው፤ ደንክሬግ። ሁለቱም ወፍራም፣ አሮጌና ቀዝቃዛ ስለነበሩ በስሙ የተቸገረ ሰው አልነበረም።

«አስቦበት ነው» አለች ማርሳሊ ላባውን ወርውራ። «በዚህ እንኳ ሊቀድማት!»

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። በኪልሞራ መቃብር ከሁሉ በኋላ የተቀበረ ሰው በሩ ላይ ዘብ እንደሚቆም በባልቤግ የማያውቅ ሕፃን የለም። ዝናብ ይዝነብ፣ በረዶ ይውረድ፣ ቀጣዩ ሬሳ መጥቶ እስኪቀይረው ድረስ ከዚያች በር ንቅንቅ የለም። ቄሱ በየዓመቱ አንድ እሑድ መርጠው «የአረማውያን ወሬ!» እያሉ ይሰብኩበታል። የገዛ ሚስታቸው ሞታ ከላይኛው ሸለቆ ሌላ ቀብር መኖሩን የሰሙ ዕለት ግን ቁርስ ሳይቀምሱ ነበር ሬሳውን ያስወጡት። በአንድ ቀን ሁለት ቀብር ሲገጥም ጉዳዩ ማን ቀድሞ ገባ ነው። የቀደመው ገብቶ ይተኛል። የዘገየው ዘቡን ይረከባል፤ እስከ መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ባራበል ደግሞ ዘብ መቆም ጠግባለች። የደንክሬግ ገባር የሆነ ቤት ሁሉ ክረምት በገባ ቁጥር በየተራው የግንቡን በር ሌሊት ይጠብቃል። ከማን እንደሚጠብቅ የሚያውቅ የለም። ጠላት ከመጣ ዘመን የለውም፤ ከእንግሊዝ ጋር አንድ መንግሥት ከተሆነ ወዲህ ጥሩ ጥሩው ሌባ ሁሉ ለንደን ገብቷል። «ሥርዓት ነው» ይል ነበር ደንክሬግ። ባሏ ሲሞትም ተራው አልተነሣላትም፤ የባሏን ዝገት የበላው ጦር ይዛ ስትቆም ኖረች። አንድ የውርጭ ሌሊት እግሯ አልሰማ ሲላት ወደ ላይ ተጣራች። ደንክሬግ በጠጉር ካባ ተጠቅልሎ መስኮቱን ከፈተ።

«እግርሽን እያነሣሽ ጣይ፣ አንቺ ሴት! ይሞቅሻል!» ብሎ መስኮቱን ዘጋው።

ስታነሣ ስትጥል አደረች። ሲነጋ ሁለት የእግር ጣቶቿ ከእሷ ጋር አልነበሩም።

እና ትናንት ማታ ባራበል የልጇን እጅ ጨብጣ ስለ ገነት አንድ ቃል ሳታነሣ ስለዚያች በር ነበር የጠየቀችው።

«ዘብ አቁመሽኝ እንዳትመለሺ። የቆምኩት ይበቃኛል።»

«አትቆሚም፣ እማ። በእግዜር።»

«በእግዜር ተዪው። በላሚቱ ማዪልኝ፤ እሷን ትወጃታለሽ።»

ማርሳሊ በላሚቱ ማለች።

አሁን ሣጥኑን በደረቷ እየገፋች ከሶርሊ ቤት ስታወጣው፣ ሶርሊም በምክር እየረዳት፣ የግንቡ ምስለኔ ጊልክሪስት በድንክ ፈረሱ ላይ ሆኖ ደጃፉ ላይ ደረሰ።

«ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው፣ ማርሳሊ» አለ ከኮርቻው ሳይወርድ። «ቀብሩ መቼ ነው?»

«ዛሬ።»

«ነገ አድርጉት። ዛሬ የጌታችን ነው።»

ማርሳሊ ቀና ብላ አየችው። «ነገ እናቴ ደርሳ ደንክሬግን ትቀይራቸዋለች፤ እሳቸው ገብተው ይተኛሉ፣ እሷ ትቆማለች። ከሞተችም በኋላ ተራ አወጡላት፣ ጌታው?»

«እኔ በእንዲህ ያለ የአሮጊት ወሬ አላምንም!»

«ካላመኑ ዛሬ ቢሆንስ ምን ቸገረዎት?»

ምስለኔው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው እወቂው። ገባር ጌታውን ይሸከማል፤ ደንብ ነው። ከባልቤግ አንድ ወንድ አይቀርም፣ ሁሉም ከግንቡ ጋር ይወጣል። እናትሽን ማን እንደሚሸከማት አያለሁ።»

«እኔ አለሁ» አለ ሶርሊ ከውስጥ እየሳለ።

ጊልክሪስት ጎንበስ ብሎ ወደ ጨለማው ቤት ተመለከተ። «አንተ እስካሁን አልሞትክም?»

«በምን ልሙት፣ ጌታው? ሣጥኔን ወሰዱብኝ።»

ምስለኔው ፈረሱን አዙሮ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ወንዶቹ ሁሉ በደህና ልብሳቸው ሽቅብ ወደ ግንቡ ሲግተለተሉ ታዩ። ያዘነ ፊት ለማሳየት በጣም ይጥሩ ነበር፤ ደንክሬግ በመንገድ ላይ ባለው በየድንጋይ ካቡ ለተሸካሚዎቹ አንድ አንድ ገንቦ ውስኪ እንዲቀመጥ መናዘዙ ከጠዋቱ ተሰምቷል። በቁሙ ሳለ ለሰው አንዲት ጠብታ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ነው። ይህ ዕድል እንዳያመልጠው በአንድ እግሩ እያነከሰ የወጣም ነበር።

በባራበል ቤት ሴቶቹ ብቻ ቀሩ። ልብስ አጣቢዋ ኦይሪክ እጅጌዋን ሰብስባ ሬሳውን ከማርሳሊ ጋር ሣጥኑ ውስጥ አጋደመች። ኦይሪክ እንደ በር ሰፊ ሴት ናት። በገንዳ ውስጥ ቆማ አንሶላ ስትረግጥ የገንዳው ታች ሁለቴ ተነድሏል።

«ሴት ሬሳ ስትሸከም ታይቶ አይታወቅም» አለች ኪርስቲ፣ የቄሱ ቤት ሠራተኛ፣ እጆቿን እያፋተገች። «ምን ይሉናል?»

«ማነው የሚለን? የሚሉት ሁሉ እዚያ ሲጠጡ አይደል?» አለች ኦይሪክ። «የረግረግ ማገዶውን እያጨቀ በጀርባው የሚያመጣው ማነው? ባሌ ዱጋል ነው? ዱጋል እኮ ከፒፓው የከበደ ነገር አንሥቶ አያውቅም። ባይሆን አንቺ ከኋላ ያዢና አጭር ስለሆንሽ ዳገቱን ስንወርድ ትጠቅሚያለሽ።»

«እንዴት ያለ አፍ ነው!» አለች ኪርስቲ፤ ግን ያዘች።

መንደሩ ሬሳ የሚያለብስበትን ጥቁር የከፋይ ጨርቅ ግንቡ ወስዶታል። ማርሳሊ የእናቷን ባለ ዳማ የሱፍ ሻል ሣጥኑ ላይ አለበሰች። ሣጥኑን በቃሬዛ አድርገው አነሡት። ወንዶቹ የሚሄዱት በሰፊው መንገድ ተራራውን ዞረው ነበር፤ እነሱ ግን ሴቶች ማገዶ በሚያመላልሱበት በረግረጉ አቋራጭ ገቡ። አንሶላ ሲረግጡ የሚያዜሙትን ዜማ ኦይሪክ ጀመረችው፤ እግራቸው በአንድ ላይ ሄደላቸው። ሶርሊ እየሞተ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር።

«ደክሞሃል፣ አጎቴ?»

«መጨረሻዬ ነው» አለና አንድ ጉድጓድ ውኃ በዝላይ ተሻገረ።

የሣጥኑ መጋጠሚያ ውስጥ የቀረው ዱቄት በእርምጃቸው ልክ ይነጥብ ጀመር። ከኋላቸው ነጭ መስመር ተዘረጋ። መጀመሪያ አንዲት በግ መጣች፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ የማን እንደሆነ ያልታወቀ መንጋ ሁሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ መሬቱን እየላሱ፣ ቀስ ብለው ተከተሉ።

ኪርስቲ ዘወር ብላ አይታ ልታማትብ ምንም አልቀራት፤ ቄሱ ማማተብን እንደሚነቅፉ ትዝ ብሏት እጇን መለሰች። «ማርሳሊ... ለቀስተኛ አግኝተናል።»

«ከወንዶቹ ይሻላሉ» አለች ማርሳሊ። «ራሳቸውን እንኳ ደፍተዋል።»

ወንዶቹን አያዩአቸውም፤ የት እንደደረሱ ግን ጠፍቷቸው አያውቅም። የግንቡ ነፊ የከረጢት ዋሽንቱን እየነፋ ነበርና ድምፁ በተራራው ላይ እየተሻገረ ይደርሳቸዋል። ሲነሡ ዜማው ቀጥ ያለ ሙሾ ነበር። ዝም አለ።

«አንደኛው ካብ» አለች ኦይሪክ።

እንደገና ሲጀምር ሙሾው ፈጠን ፈጠን ይል ነበር። ዝም አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ ሙሾው በግልጽ የሠርግ ጭፈራ ሆኖ ነበር። ከመሐሉ የዱጋል ድምፅ «አሃ!» ሲል ተሰማ።

«አየሽ ያንን ሰውዬ?» አለች ኦይሪክ ሳትቆም። «የእኔን እናት ሲቀብር እንኳ እንዲህ አላዘነም።»

ማርሳሊ ሳቀች፤ ሆኖም ልቧ አልሳቀም። ጭፈራው ቅርብ ነበር። በጣም ቅርብ።

የዳገቱ ጫፍ ላይ ሲወጡ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አዩት። ከታች በረግረጉ መሐል በድንጋይ የተደለደለው ጠባብ መንገድ፣ በመንገዱ መጨረሻ የኪልሞራ መቃብር ግራጫ ቅጥር፣ ከቅጥሩ ኋላ ሐይቁ። ከመንገዱ አፍ ላይ ደግሞ ሬሳ የሚያሳርፉበት ሰፊ ድንጋይ አለ። ወንዶቹ ሁሉ እሱን ከበው፣ ገሚሶቹ ተቀምጠው፣ ገሚሶቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ነበር።

አንዱ ቀና አለ። እጁን ወደ ጫፉ ዘረጋ።

«ሴቶቹ!»

ከዚያ የሆነው በንብ ቀፎ ላይ ድንጋይ እንደ መጣል ነበር። ምስለኔው ፈረሱ ላይ ተንጠልጥሎ «ሩጡ! ሩጡ! ሊቀድሙን ነው!» ይላል፤ ነፊው ከረጢቱን በብብቱ ወሽቆ ከፊት ሮጠ፤ ወንዶቹ ሁሉ በአንድ ክምር፣ እየተገፋፉ፣ የወንድ ሽንሽን ጉርዳቸው እየተርገበገበ፣ ጠባቡን መንገድ ሞልተው ወደ መቃብሩ ነጎዱ።

ማርሳሊ ቆመች። ቃሬዛው ትከሻዋ ላይ ድንገት ከበዳት።

«ቀደሙን» አለች። «ማልኩላት እኮ። በላሚቱ ማልኩላት።»

 ኦይሪክ ግን ዓይኗን አጥብባ ወደ ታች ታይ ነበር።

«ቆይ እስቲ። ያ ድንጋዩ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

ተያዩ። ከዚያ በጎቹ እንኳ መከተል እስኪያቅታቸው ዳገቱን ቁልቁል ወረዱት።

ደንክሬግ ድንጋዩ ላይ ነበር። የኦክ ሣጥኑ፣ የነሐስ ምስማሩ፣ ጥቁሩ ከፋይ፣ ሁሉም በሥርዓቱ። ከላዩ ላይ የእንጨት ዋንጫ ተቀምጧል። ከሥሩ የሽማግሌው አዳኝ ውሻ ተጋድሞ ያንኮራፋል። አጠገቡ ገንቦ አለ። ሰው የሚባል ግን የለም።

«ረስተውት ሄዱ» አለች ኪርስቲ ትንፋሿ ተቆርጦ። «ጌታዬ! ሰውየውን ረስተውት ሄዱ!»

ኦይሪክ ቃሬዛውን ካወረደች በኋላ ተቀምጣ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ጎኗን ይዛ። ማርሳሊም ሳቀች። ወዲያው ግን ብድግ አለች።

«ተነሡ። ሳያስታውሱት እንለፍ።»

«ብቻውን ትተነው?» አለች ኪርስቲ። «ሬሳ እኮ ነው፣ ማርሳሊ። ቁራ አለ። ሬሳ ብቻውን በሜዳ አይተውም።»

«እናቴን በውርጭ ብቻዋን ሲያቆማት ማን አብሯት ቆመ?»

«ማንም» አለች ኪርስቲ በቀስታ። «እሱ ነው እኮ ክፋቱ።»

  ነፋሱ የከፋዩን ጠርዝ አንሥቶ ሣጥኑን ሲያራቁተው ማርሳሊ አየች፤ ተራምዳ ሄደችና ጨርቁን ስባ ድንጋይ አስቀመጠችበት። «ከፋዩ የመንደሩ ነው» አለች፣ የጠየቃት ሳይኖር። «ቢቀደድ የምንሰፋው እኛ ነን።»

ሶርሊ በዚህ መሐል ገንቦውን ነቅነቅ አድርጎ አዳምጦ ነበር።

«እናንተ ሂዱ» አለ ከደንክሬግ ጎን ድንጋዩ ላይ እየተመቻቸ። «እኔ አብሬው እሆናለሁ። እሱ ሞቷል፣ እኔ እየሞትኩ ነው፤ የምንጨዋወተው አናጣም።»

ከጠባቡ መንገድ መሐል ሳይደርሱ ሩጫው ተመልሶ መጣ። ወንዶቹ መቃብሩ በር ላይ ደርሰው «ቀደምን!» ብለው ጮኸው፣ ተቃቅፈው፣ ነፊው ነፍቶ፣ ከዚያ ቄሱ ከበሩ ብቅ ብለው «ጎበዝ። ሬሳውስ?» ብለዋቸዋል። አሁን በመጡበት ፍጥነት ወደ ኋላ ይሮጡ ነበር። ከፊት የሽማግሌው ልጅ ኤኔያስ ነበር፣ አዲሱ ደንክሬግ። ትምህርቱን ከኤድንበራ ጨርሶ የመጣ፣ ነጭ ሰው ሠራሽ ጠጉር የደፋ ወጣት ነው። አንድ ጫማውን ረግረጉ በልቶታል።

«ማርሳሊ!» አለ ቆሞ እያለከለከ። «አባቴን አይተሻል?»

«አይቻቸዋለሁ፣ ጌታዬ። ደህና ናቸው። ድንጋዩ ላይ ዐርፈዋል፤ ሶርሊ አብሯቸው ነው።»

«ሶርሊም ሞተ?»

«ኧረ፣ እየጠጣ ነው።»

ከኋላ ዱጋል ሌላውን ሰው በደረቱ ይገፋው ነበር። «እኛ ለእናንተ አስረከብን አይደል?» «መቼ ተረከብን? እኛ በወዲያ በኩል ቆመን ነበር!» «ታዲያ ተራው የማን ነበር?» «የእናንተ!»

«ዝም በሉ!» አለ ጊልክሪስት በፈረሱ እየተጋፋ መጥቶ። «ሴቶች፣ መንገድ ልቀቁ!»

መንገዱ ለአንድ ጋሪ እንኳ አይበቃም። ግራው ረግረግ፣ ቀኙ ረግረግ። ማርሳሊ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሬሳ ይዣለሁ፣ ጌታው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «መንገድ የሚለቀው ማነው?»

 በመንገድ ላይ ሬሳ የገጠመው ሰው ቆቡን ያወልቃል፣ ዞሮም አብሮ ይሸኛል። ሳይሸኝ ያለፈ እንደሆነ ቀጣዩ ሣጥን ከቤቱ ይወጣል። ይህንንም በባልቤግ የማያውቅ ሕፃን የለም።

መጀመሪያ ቆቡን ያወለቀው ዱጋል ነበር።

«ማንም እንዳይዞር!» ጮኸ ምስለኔው። «ጌታችሁ ሜዳ ላይ ነው!»

«ጌታው፣» አለ ዱጋል ቆቡን በእጁ እያሻሸ፣ «ሬሳ ገጥሞኝ ሳልሸኛት ልለፍ? ልጆች አሉኝ እኮ።» ዞረ። አጠገቡ ያለውም ዞረ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ኪልሞራ መለሱ።

ሁሉም ወደ ኤኔያስ አዩ። ወጣቱ ባላባት የአባቱን ድንጋይ አየ፣ ሣጥኑን አየ፣ ሻሉን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ነጩ ጠጉርም አብሮ ወለቀ። መላጣውን ቆሞ «ጊልክሪስት፣ ባርኔጣህን» አለ።

ጊልክሪስት አወለቀ። ድንክ ፈረሱ ግን በዚያ ጥበት መዞር አልቻለም። ስለዚህ ምስለኔው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ባራበል እንዳደረገ፣ እስከ መቃብሩ በር ድረስ ፈረሱ ወደ ኋላው እየረገጠ በክብር ሸኛት።

ወንዶቹ ቃሬዛውን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«እጅህን አንሣ፣ ዱጋል» አለች ኦይሪክ። «አንተ መጀመሪያ የተሰጠህን ዕቃ የት እንደጣልከው ፈልግ።»

ነፊው ተጨንቆ ወደ ማርሳሊ ጠጋ አለ። «ዝም ብለን አንሄድም መቼም። ምን ልንፋ?»

«ለደንክሬግ ያዘጋጀኸውን።»

«እሱ እኮ የባላባት ዜማ ነው።»

«ባላባቱ አልቸኮሉም።»

ስለዚህ ባራበል፣ የዘብ ገባሯ፣ በባላባት ሙሾ፣ ሙሉ የመንደር ወንድ ከፊቷ፣ የበግ መንጋ ከኋላዋ አድርጋ፣ ኪልሞራ ገባች። ቄሱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ማርሳሊ ስብከቱን ስትጠብቅ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ «ፍጠኚ፣ ልጄ» ብቻ አሏት።

ደንክሬግ የደረሰው አመሻሽ ላይ ነው። የሚሸከሙት ሰዎች በየጥቂት እርምጃው እየቆሙ ሣጥኑ መኖሩን ይዳስሱ ነበር። ሶርሊ ከኋላ እየዘፈነ መጣ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን ኤኔያስ በሩ አጠገብ ቀረ፤ ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል።

«ማርሳሊ። አንቺ በዚህ ነገር ታምኛለሽ?»

«ቄሱ የአረማውያን ወሬ ነው ይላሉ፣ ጌታዬ።»

«ነው እንጂ። ነው።» በሩን አየ። «ብቻ አባቴ ብርድ አይችልም ነበር።»

«እናቴም አትችልም ነበር» አለች ማርሳሊ።

ኤኔያስ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ግንቡ ሄደ። ክረምት ገብቶ ጊልክሪስት የባራበል ቤት ተራ ደርሷል ብሎ ሲልክ ግን፣ ማርሳሊ «ደንክሬግ ራሳቸው ዘብ ላይ ናቸው፤ እኔ ሄጄ ብደርብባቸው መድፈር ይሆንብኛል» ብላ መለሰች። በማግሥቱ መንደሩ ሁሉ ያንኑ መለሰ። ጊልክሪስት ሊከስ ግንቡ ድረስ ወጣ፤ ሲወርድ ይዞ የመጣው ተራው መቅረቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ የግንቡ በር በገዛ መቀርቀሪያው ያድራል። የሰረቀውም የለም።

በዚያ ክረምት ባልቤግ ውስጥ የሚሞት ሰው ጠፋ። የወፍጮ ቤቱ አሮጊት ቄሱን ሁለቴ ካስጠሩ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ተነሥተው ዶሮ መገቡ። ሳል የያዘው ሁሉ «እኔ ነኝ የምቀይረው? ይቁም!» እያለ ትኩስ ወተት ይጠጣ ጀመር። ከግንቡ አንዲት ሠራተኛ በየጠዋቱ እየወረደች የሶርሊን በር ታንኳኳለች።

«እንዴት አደሩ?»

«እየሞትኩ ነው።»

«ተመስገን!» ትላለች ከልቧ።

«ብቻ ሣጥን የለኝም፣ የኔ ልጅ። እንዴት ልሙት?»

ይህ ወሬ ግንቡ በደረሰ በሳምንቱ አናጢው አዲስ ሣጥን ይዞለት መጣ። ኦክ እንጨት፣ የነሐስ ምስማር፣ ከባላባቱ የተላከ ስጦታ። ሶርሊ ገብቶ ተጋድሞ ሞከረው፤ አመሰገነ። ከዚያ ወጣና የአጃ ዱቄቱን ገለበጠበት።

የመጀመሪያው ጠንካራ ውርጭ በወረደ ማግሥት ማርሳሊ ላሚቱን ስትነዳ በኪልሞራ በር በኩል አለፈች። ለእናቷ ለዘብ የሠራችላት ወፍራም የሱፍ ካልሲ ከጠዋት ጀምሮ ብብቷ ውስጥ ነበር። ለምን እንደያዘችው አታውቅም ነበር፤ ወይም ታውቅ ነበር። አውጥታ በበሩ ብረት ላይ ሰቀለችው። የሚያያት ሰው እንደሌለ ግራ ቀኝ ተመለከተች።

«ደንክሬግ» አለች ለበሩ። «እግርዎን እያነሡ ይጣሉ። ይሞቅዎታል።»

ላሚቱን በአለንጋዋ ነካ አደረገቻት። ጥቂት ሄዳ ቆመችና ሳትዞር፦

«ሶርሊ ደግሞ ደህና ነው። ትናንት ማታ ሁለት ሳልሞን በላ።»